በምረቃና በአጨዳ መካከል

ጋረት ሃርትዊግ በአንድ ጉልበቱ ሲንበረከክ ዴላ መጀመሪያ የመሰላት የጫማው ማሰሪያ ተፈትቶ ነው።

ዕለቱ ዓርብ ነበር። በዩኒቨርሲቲው ምድር ቤት ባለችው የቀድሞ ወታደሮች ማረፊያ ክፍል ዓርብ የቺሊ ቀን ነው። አንዱ ሥጋና ባቄላውን በትልቅ ድስት ሠርቶ ያመጣል፣ ሌላው የቀረፋ ዳቦ ይዞ ይመጣል፤ ከዚያ ጣፋጩን ዳቦ በሚያቃጥለው ቺሊ እየነከሩ መብላት ነው። ነብራስካ ያልተወለደ ሰው መጀመሪያ ይስቃል፣ በሦስተኛው ሳምንት ድስቱን ይጠርጋል። ዴላም ግማሽ ዳቦ በእጇ ይዛ ነበር። ጋረት ግን ማሰሪያውን አልነካም። ከኪሱ ትንሽ ሳጥን አወጣ።

"ዴላ" አለ። ስድስት ዓመት ሙሉ የጦር ሄሊኮፕተር ሲጠግን ያልሳተ እጁ ሳጥኑን ገልብጦ ይዞታል። "ንግግር አዘጋጅቼ ነበር። ጠፋኝ። አግቢኝ።"

ሃያ ዓመት የማሪን ወታደር ሆና አገልግላ በሃምሳ ዓመቷ ታሪክ ልትማር የገባችው፣ ለአፏ ልጓም የሌላት ሮንዳ እንኳን ማንኪያዋን አፏ ውስጥ እንደያዘች ቀረች።

ዴላ ዓይኑን አየችው። ሁለት ዓመት ሙሉ ከቤተ መጻሕፍቱ ጠረጴዛ ማዶ የተመለከታት ዓይን ነው፤ እሷ ስለ አፈር ስታነብ እሱ ስለ እርሻ ሞተር እያነበበ፣ አንድ ገጽ ሳይገልጥ ሰዓቱን የሚጨርስ ዓይን። "እሺ" የሚለው ቃል ጉሮሮዋ ድረስ መጥቶላት ነበር። እዚያው ተሰነቀረ።

"አልችልም" አለች።

"አልፈልግም አላለችም እኮ" አለች ሮንዳ፣ ማንኪያው አሁንም አፏ ውስጥ እንዳለ።

ጋረት ቀስ ብሎ ተነሣ። ሳጥኑን ሊከድን ሞከረ፤ እምቢ አለው፤ ክፍቱን ኪሱ ከተተው። ፈገግ ለማለት መሞከሩ ከሁሉ ባሰባት። ዴላ ዳቦውን እንደያዘች ደረጃውን ሮጣ ወጣች። መኪናዋ ውስጥ ገብታ በሩን ስትዘጋ ቀረፋው መዳፏ ላይ ቀልጦ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሏ ዌስሊ ከአራት ዓመት በፊት በባዕድ አገር፣ በወታደር ግዳጅ ላይ ሞተ። አብረው የኖሩት ሁለት ዓመት ብቻ ነበር። አገሩ ለመበለቲቱ የዩኒቨርሲቲ ክፍያዋን ሊሸፍን ቃል ገባ፤ ዴላም እናቷ የአውራ ጎዳና ሆቴል አንሶላ ስትቀይር ያደገች ልጅ ሆና ሳለ፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷ ወንበር ያለበት ክፍል ገባች። መጀመሪያ የፈረመችው ወረቀት ላይ ግን አንዲት ዓረፍተ ነገር ሰፍራለች፦ መበለቲቱ ዳግም ካገባች መብቱ ያበቃል። ምረቃዋ ሁለት ሴሚስተር ቀርቶታል።

ምድር ቤት ያሉት ሰዎች ይህን አያውቁም። የእነሱ የትምህርት መብት በራሳቸው አገልግሎት ያገኙት ነው፤ አሥር ጊዜ ቢያገቡ፣ አሥር ጊዜ ቢፈቱ ማንም አይወስድባቸውም። ስለዚህ የዴላም እንደዚያው መስሏቸዋል። በዚያ ክፍል ወታደርም ሆነ የወታደር ሚስት አይጠያየቅም፤ "አንተም በዚያው ነህ?" "አዎ፣ በዚያው"፤ አለቀ።

ታዲያ ለምን አትነግረውም? ይህን ጥያቄ ዴላ ራሷ መላልሳ ጠይቃዋለች። ብትነግረው ጋረት ዓረፍተ ነገሩን ሳያስጨርሳት "እኔ እከፍላለሁ" ይላል። ሃርትዊጎች ስምንት ኮምባይነር አላቸው፤ በየዓመቱ ከግንቦት ጀምሮ ከቴክሳስ እስከ ሞንታና የበሰለውን ስንዴ እየተከተሉ የሰው እርሻ ያጭዳሉ፤ ይከፍላሉም። በገና ዕለት ደግሞ የጋረት እናት ጄኔቫ ድንቹን እያቀበለቻት፣ በለሰለሰ ድምፅ፣ "የመጀመሪያው ባልሽ አስተማረሽ፤ ሁለተኛው ምን እንዲያደርግልሽ አሰብሽ?" ብላታለች። ዴላ ድንቹን ተቀብላ "አመሰግናለሁ" አለች። ያ ድንች እስከ ዛሬ አልወረደላትም።

ኩራት ነው ወይስ ፍርሃት? አንዳንዴ ሁለቱ አንድ ካፖርት ለብሰው ይመጣሉና ለመለየት ያስቸግራል።

*

"ወሬው ከመኪናሽ ቀድሞ ደርሷል" አለች ኢርማ፣ ገና በሩን ሳትዘጋ።

ኢርማ የዌስሊ እናት ናት። ልጇ ከሞተ ወዲህ ዴላን ከቤቷ አላስወጣቻትም፤ "ሁለት ብቸኛ ሴት በሁለት ቤት ማሞቂያ ማቃጠል ሞኝነት ነው" ብላ። በከተማዋ እህል ጎተራ ሚዛን ቤት ውስጥ እህል የጫኑ መኪናዎችን መመዘን ከጀመረች ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ ሰውንም ከዚያው ልምዷ ትመዝናለች።

"ሮንዳ ደወለች?"

"ሮንዳ አልደወለችም። ጮኸች። ስልኩ ባይኖርም እሰማት ነበር።" ኢርማ ወንበር ሳበችላት። "በዌስሊ ምክንያት ከሆነ..."

"አይደለም እማ።"

"በእኔ ምክንያት ከሆነ ደግሞ ዛሬ ማታውኑ ዕቃሽን አውጥቼ ደጅ እጥልልሻለሁ።"

ዴላ ሳቀች፤ ሳቁ መሀል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረ። ከዚያ ስለ ዓረፍተ ነገሯ ነገረቻት። ኢርማ እስከ መጨረሻው ሰማቻት። ምናልባት የልጇ ሞት በወረቀት ላይ ምን ያህል አጭር ሆኖ እንደተጻፈ እያሰበች ነበር።

"ንገሪው" አለች በመጨረሻ።

"ይከፍልልኛል።"

"ይክፈላ!"

"እማ፣ ይሄን ወንበር ዌስሊ በሕይወቱ ነው የገዛልኝ። ትቼው ተነሥቼ የሌላ ሰው ቼክ ልቀበል? ያውም የጄኔቫን?"

ኢርማ እጇን በዴላ እጅ ላይ ጫነች፤ እንደ ሚዛን ሰው፣ ክብደቱን እየለካች።

*

ጋረት ፈተናው ባለቀ ማግስት ከቤተሰቡ ጋር ወደ ቴክሳስ ወረደ። በሰኔ አጋማሽ ከኦክላሆማ አንድ ደብዳቤ መጣ። አጫጆች ስልክ በማይሠራበት ሜዳ ስለሚከርሙ ብቻ አይደለም፤ ጋረት መናገር ሲያቅተው የሚጽፍ ሰው ነው።

"ዴላ፣ እዚህ ስንዴው አጭር ነው፣ ነፋሱ ረጅም። አሥራ አምስት ሰዓት ኮምባይነር ላይ ስቀመጥ የማስበው አንድ ነገር ነው። የዌስሊን ቦታ ልወስድ የመጣሁ አስመስዬ ከሆነ ይቅር በይኝ። የእሱ ቦታ የእሱ ነው። እኔ አጠገቡ በርጩማ ቢሰጠኝ ይበቃኝ ነበር። አሁን ግን በዚያ ክፍል፣ በዚያ ጠረጴዛ፣ እያየሁሽ እንዳላየ መሆን አልችልም። ለመስከረም አልተመዘገብኩም። ከሞንታና በኋላ እዚያው የምቀር ይመስለኛል። ትምህርትሽን ጨርሺ። አፈሩን ካንቺ የተሻለ የሚያውቀው የለም።"

ዴላ ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበበችው። በአራተኛው ላይ ተናደደች። ይህ ሰው ስድስት ዓመት አገልግሎ ያገኘውን ትምህርት፣ እሷ አንድ ቃል ስለዋጠች ሊጥለው ነው! የእሷን ወንበር ስትጠብቅ የእሱን ልታስነሣው ነው!

ወረቀት አወጣችና ሁሉንም ጻፈችለት። ዓረፍተ ነገሯን፣ ድንቹን፣ "እሺ" የሚለው ቃል የት ላይ እንደተሰነቀረ። ፖስታው ላይ አጫጆቹ ቀጥሎ የሚደርሱበትን የካንሳስ ከተማ ፖስታ ቤት አድራሻ አድርጋ ላከችው።

አንድ ሳምንት ሆነ። ሁለት ሆነ። ሰኔ አልቆ ሐምሌ ገባ። መልስ የለም።

ሰው እውነቱን ተናግሮ መልስ ሲያጣ እውነቱ ያሳፍረዋል። ዴላ የፖስታ ሳጥኑን ከፍታ በዘጋች ቁጥር፣ "አንብቦ ንቆኝ ነው" እያለች ራሷን ትበላ ነበር።

*

በሐምሌ ሁለተኛ ሳምንት፣ ማክሰኞ ቀትር ላይ፣ ኢርማ ከሚዛን ቤት ደወለች።

"የሃርትዊግ የእህል መኪና አሁን ሚዛኔ ላይ ቆሟል። ሾፌሯ ማን ትመስልሻለች?"

"እኔ ነኛ!" የሚል የሮንዳ ጩኸት ከኋላ ተሰማ። የትምህርት እረፍቱን ለሃርትዊጎች መኪና እየነዳች ኖሯል። "ዴላ! ሰውየሽ ከከተማው ሰሜን አሥራ ሁለት ማይል ላይ ነው። ነገ ጠዋት ወደ ላይ እንነሣለን። ፊቱ አንድ ወር ዝናብ ያላየ ማሳ መስሏል!"

"ደብዳቤዬን አንብቦ..."

"የምን ደብዳቤ? ደብዳቤ ቢደርሰውማ እኔ በቃሌ ሸምድጄው ነበር!"

ዴላ የመኪናዋን ቁልፍ የት እንዳነሣች አታስታውስም።

ማሳው ዳር ላይ የአጫጆቹ ተጎታች ወጥ ቤት ቆሞ ነበር። ጄኔቫ ሃርትዊግ ደጁ ላይ ሽርጥ ታጥቃ ዳቦ ላይ ሥጋ ትደረድራለች። በምዕራብ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል፤ በረዶ ያዘለ ደመና ነው። እሱ ሳይደርስ ስንዴው መነሣት አለበት፤ ስምንቱም ኮምባይነር በአንድ ማሳ ላይ ገብቶ አቧራው ፀሐይዋን ሸፍኗታል። ተጎታቹ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው መገናኛ ሬዲዮ እየተንጫጫ ነው።

ሁለቱ ሴቶች ተያዩ።

"አንቺ ነሽ" አለች ጄኔቫ። እጇን በሽርጧ ጠርጋ ወደ ውስጥ ገባችና አንድ ፖስታ ይዛ ወጣች። የዴላ ጽሑፍ ነው። እንደታሸገ ነው። "የሁሉንም ፖስታ የምቀበለው እኔ ነኝ። አልከፈትኩትም፤ የሰው ደብዳቤ አልከፍትም። ግን አልሰጠሁትም። ልጄ ከዚያ ዓርብ ወዲህ በልቶ አያውቅም፤ ዳግም የሚያስለቅሰው ነገር ቢሆንስ ብዬ... ያም ያው መክፈት ነው መሰለኝ።"

ዴላ ልትቆጣ ፈለገች። ግን ሴትየዋ ፖስታውን ገልብጣ እንደያዘችው አየች፤ ልክ ልጇ ሳጥኑን እንደያዘው።

"ራሴ እነግረዋለሁ" አለች።

"አራተኛው ኮምባይነር ነው። አይቆምልሽም፤ ደመናውን ታዪዋለሽ።" ጄኔቫ ምሳውን በወረቀት ጠቅልላ ሰጠቻት። "ከሄድሽ አይቀር ይሄን አድርሺለት።"

ዴላ በታጨደው ማሳ ላይ ሮጠች። ቃርሚያው እግሯን ይወጋታል። ኮምባይነሩ ሲያያት ዘገም አለ፤ ጋረት የጋቢናውን በር ከፈተ፤ ዓይኑ እሷ ላይ ሲያርፍ ፊቱ ላይ የሆነው ነገር ሁለት ወር ሙሉ የራባት ነበር።

"መቆም አልችልም!" አለ በሞተሩ ጩኸት ላይ። "ለማውራት ከሆነ እስከ ማታ ጠብቂ፤ አለበለዚያ ውጪ!"

"እወጣለሁ!"

መሰላሉን ወጣች። ከሾፌሩ አጠገብ ባለችው ጠባብ መቀመጫ ላይ ጓንት፣ የውሃ ጠርሙስ፣ የሬዲዮ ማይክ ተዝረክርኳል፤ ከነዝርክርኩ ተቀመጠችበት። በሩ ሲዘጋ ጩኸቱ ራቀ። ኮምባይነሩ ወደፊት ተንቀሳቀሰ። ጋረት ዓይኑን ከማጨጃው ምላጭ ላይ ማንሣት አይችልም፤ መስመር ከሳተ ስንዴ ይቀራል። ዴላ የሕይወቷን ትልቁን ንግግር ለጆሮ ግንዱ ልትናገር ነው።

"ምሳህ" አለች መጀመሪያ።

"ምሳ ልታቀብዪኝ ነው የመጣሽው?"

"የከለከለኝ ዌስሊ አይደለም።"

"ታዲያ ማን ነው?"

"አንድ ዓረፍተ ነገር። የእኔ መብት እንደናንተ አይደለም ጋረት። የመበለት ነው። ካገባሁ ይቆማል። ሁለት ሴሚስተር ቀርቶኛል።"

ምላጩ ስንዴውን ያስገባል፣ ያስገባል።

"እና ይሄን ያህል ጊዜ... ለምን አልነገርሽኝም?"

"ብነግርህ ምን ትል ነበር?"

"እኔ እከ..." አለና ቆመ።

"አየህ?"

ሳይወድ ሳቀ። "እውነትሽን ነው። አሁንም ምላሴ ላይ አለች።"

"ዋጣት።"

"ዋጥኳት።"

"ምን ትላለች?"

"ጉሮሮ ትቧጥጣለች።"

ዴላ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቁ ሳያልቅባት ተናገረች። "ገንዘባችሁን አልፈልግም። ኩራት በለው፣ ሞኝነት በለው። እናትህ ፊት በሰው ኪስ የተማረች ሴት ሆኜ አልቆምም። ዌስሊ የከፈለው ትልቁን ዋጋ ነው፤ ያንን መሀል ላይ ጥዬ ብነሣ ሁለተኛ የገደልኩት ይመስለኛል። እጨርሰዋለሁ። ከዚያ በራሴ እግር መጥቼ አገባሃለሁ፤ የምትጠብቀኝ ከሆነ። የማትጠብቀኝም ከሆነ ደግሞ እወድሃለሁ። ይሄን ሳልነግርህ ሞንታና አትገባም። ትምህርትህንም አትተውም! ለእኔ ብለህ የምትጥለው ነገር ሁሉ ይከብደኛል፤ ተሸክሜ አልችለውም።"

በጋረት ጉንጭ ላይ አንድ የእንባ ጠብታ አቧራውን እየሰነጠቀ ወረደ።

"ዴላ፣ ዓይኔን ካነሣሁ አባቴ ይገድለኛል። ግን አሁን ምንም አይታየኝም።"

"እያለቀስክ ነው?"

"አቧራ ነው።"

"ጋቢናው እኮ ዝግ ነው።"

"የዝግ ቤት አቧራ ነው።" ድምፁ ተሰበረ። "አንድ ዓመት? አንቺ ልጅ፣ አንድ ዓመት ብቻ? እኔ እኮ ዕድሜ ልክ መስሎኝ ነበር። ለሄሊኮፕተር መለዋወጫ ዘጠኝ ወር የጠበቅሁ ሰውዬ ነኝ፤ ለዚያውም ሲመጣ ቁጥሩ የተሳሳተ ነበር!"

ዴላ ዓይኑን በእጅጌዋ ልትጠርግለት ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ ወደ እሱ አዘነበለች። በዚያች ቅጽበት ጋቢናው በጩኸት ተሞላ።

"በስመ አብ፣ በመጨረሻ ተነሣች!" የሮንዳ ድምፅ ነው። "ዴላ፣ የኔ ቆንጆ፣ የተቀመጥሽው የማይኩ ቁልፍ ላይ ነው፤ ማንም መናገር አልቻለም! ከነምሳው ጀምሮ ሁላችንም ሰምተናል! እኔ ሃያ ዓመት በጦር ሜዳ ያላነባሁ ሴት መሪው አይታየኝም!"

"ጋረት፣" አለ ሌላ አጫጅ፣ "ያ የዝግ ቤት አቧራ እኔም ጋ ደርሷል።"

"ማልቀስ ትችላለህ" አለ የጋረት አባት ከፊተኛው ኮምባይነር፣ "መስመርህን ግን ጠብቅ። ሁለት ክንድ ስንዴ ትተሃል።"

ዴላ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። መሬት ተከፍታ ከነኮምባይነሩ ብትውጣት ወደደች። ገንዘባችሁን አልፈልግም! እናትህ ፊት! ሁሉም ሰምቷል። ወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ሬዲዮ ትዝ አላት።

ጫጫታው በረደ። ሬዲዮው ለጥቂት ጊዜ እፍፍ አለ።

"ዴላ።" ጄኔቫ ናት።

ጋረት ፍጥነቱን ቀነሰ።

"በገና ያልኩሽን ነገር በዚህ ሬዲዮ አላነሣውም፤ ስትወርጂ ዓይንሽን እያየሁ ይቅርታ እጠይቅሻለሁ።" ጉሮሮዋን ጠረገች። "አንቺ ግን ጉድ ነሽ። የእኛን ሳንቲም ላለመንካት ብለሽ ልጄን ሁለት ወር አስራብሽው? ምረቃሽ መቼ ነው?"

ዴላ ማይኩን አነሣች። በዚህ ጊዜ አውቃ ተጫነችው። "ግንቦት ዘጠኝ። ቅዳሜ።"

የቀን መቁጠሪያ ሲገለጥ በሬዲዮው ተሰማ። አጫጆች ከቴክሳስ ተነሥተው የካናዳ ድንበር እስኪደርሱ ሰርግ የለም፣ ልደት የለም፣ ቀብር እንኳን ተጠብቆ ነው፤ ይህን በዚያ ማሳ ላይ ያለ ሁሉ ያውቃል።

"ወደ ደቡብ የምንነሣው ሃያ ላይ ነው" አለች ጄኔቫ። "ወረቀትሽን በዘጠኝ ትቀበያለሽ፤ ከዚያ በኋላ የሚወስድብሽ የለም። በመካከሉ አንድ ቅዳሜ አለ። አሥራ ስድስት። ከዚያ ወዲያ እስከ ኅዳር ባዶ ቀን የለኝም።"

ጋረት ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን ከምላጩ ላይ አነሣና አያት። ሙሉ በሙሉ አያት፤ ስንዴው ይቅር፣ አባቱም ይቆጣ። በዚያ ዓይን ውስጥ ጥያቄ አልነበረም፤ የተጠየቀው ቀድሞ ተጠይቋል፤ የቀረው የእሷ ቃል ብቻ ነው።

ዴላ ማይኩን ወደ አፏ አስጠጋች። ጉሮሮዋ ክፍት ነበር።

"እሺ" አለች። "ቅዳሜዋ ትመቸኛለች።"

ስምንት ኮምባይነር በአንድ ጊዜ ጡሩንባውን ነፋ። ሮንዳ የምትለው አልተሰማም። የጋረት ሳቅ ብቻ ነበር ለእሷ የሚሰማት፤ ደረቷ ውስጥ አንዳች ነገር እንደበሰለ ማሳ ከዳር እስከ ዳር ተንቀጠቀጠ። ደመናው እየቀረበ ነበር። ዴላ ግን፣ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ የሚመጣውን ነገር አልፈራችም።